በልብስ ማጠቢያው ቤት በር ላይ

ነገሩ የተጀመረው ምድር ቤት ነው፣ ከሕንፃው ሆድ፣
ዮተቦሪ፣ ሐማርኩለን፣ ትራሙ እያቃሰተ ከሚወጣው መንገድ።
ሦስት ማጠቢያ፣ አንድ ማድረቂያ፣ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት
የተራ ሰሌዳ። የኔ ማክሰኞ ማታ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት።

አንድ ሰው አለ፤ ፊቱን አላውቅም፤ በሰዓቴ ይገባና
እርጥብ ልብሴን ወለሉ ላይ ይዘረግፋል፣ ሳምንትም እንደገና።
ዓመት ከመንፈቅ ለቀምሁ። አባቴ «ዝም ባለ አፍ
ዝንብ አይገባም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ አልገባም።
ግን ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ አፍ
የወጣም ነገር የለም።

ፊደል የቆጠርሁት እዚሁ ነው፣ ከጎለመስሁ፣
ቀን የሆስፒታል አንሶላ ሳጥፍ ውዬ፣ ደብተር እየዳሰስሁ፣
በአንድ የጨለማ ክረምት፣ የነሱንም የኛንም፣ ማታ ማታ።
የኛ ኀምስ ቀለበቱን ከእግሩ ያስራል፤
የነሱ «ኦ» ግን አናቱ ላይ ይደፋል።
ይህን ያስተዋልሁ ሌሊት ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጎረቤት ግድግዳ መታ።

እናም አንድ ማክሰኞ፣ የተበተነውን ከወለሉ ሰብስቤ፣
ወረቀት ይዤ ከማሽኑ ጎን ተቀመጥሁ፣ በንዴት ተከብቤ።
የመጀመሪያው ወረቀት ስድብ ነበር፤ ቀደድሁት።
ሁለተኛው ልመና፤ እሱንም ጨመደድሁት።
ሦስተኛው ላይ ስለ ልብሱ ጀምሬ ስለ አባቴ ጻፍሁ፣
ሳይነበቡልኝ ስለቀሩ ደብዳቤዎች፣
አውራ ጣቴን ቀለም ስለነከርሁባቸው ቀኖች፤
እሱን አልጣልሁም፤ አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።
አራተኛው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦
«ይህ የእኔ ሰዓት ነው። ልብሴን ቅርጫት ውስጥ አድርጉልኝ፣ በክብር።
ዘርፌ፣ ሰባተኛ ፎቅ።»
ምን እንደምፈልግ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤
ንዴት ብቻውን ምን ሊያውቅ።

በማግስቱ ወረድሁ። ወረቀቴ ላይ ቀይ ብዕር!
አንዲት «ኦ» ቀለበቷን ነፍጌአት ኖሮ፣ ተደፍቶላት ነበር።
ሦስት ቀን በዚያ በር አላለፍሁም፣ ከሀፍረት።
በአራተኛው ሳየው ግን፣ ከሥሩ፣ በዚያው በቀይ ጽሕፈት፦
«ልክ ናት። ጉንቮር፣ ሁለተኛ ፎቅ።»

ጉንቮር ጡረተኛ ናት፣ ለጋዜጣ ስሕተት ስትለቅም የኖረች፤
አንዱ ዐይኗ ጠፍቷል፣ በሌላውም እየመሸ ነው፤ ያን ቀለበት ግን አየች።
አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ አብረን እንወርዳለን።
ማሽኑ እስኪጨርስ አነብላታለሁ፦
የሞት ማስታወቂያ፣ የአየር ጠባይ፣ አንዳንዴ ልቦለድ፤
ስደናቀፍ ዝም ትላለች፤ ሰው በገዛ እግሩ ይልመድ
ብላ መሰለኝ መሄድ።

በመጋቢት፣ በተከራዮች ስብሰባ፣ እጄን አወጣሁ።
ጉልበቴ ራደ፤ ትናንትን ከነገ አምታታሁ፤ ግን ጨረስሁ።
ድምፄ ከአዳራሹ ጥግ ተመልሶ
ጆሮዬ ገባ፤ የማላውቃት ሴት ድምፅ፣
የኔን ካፖርት ለብሶ።

ባለፈው ሳምንት ጉንቮር ስሜን በኛ ፊደል ልጻፈው አለች።
አጎንብሳ፣ አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ፣ ጽፋ ሰጠችኝ፦
«ዘርፊ»። ቀለበቷን ረስታለች።
ቀዩን ብዕር ከእጇ ወሰድሁ፣ ከእግሯ ሥር አጠለቅሁላት።
ሳቀች። የሰው ሳቅ እንዲህ ምድር ቤት ይሞላል ብዬ አላውቅም፣
ሦስት ማሽን እየዞረበት።

ልብሴስ? አንዳንዴ አሁንም ከወለሉ አገኘዋለሁ።
ትናንት ግን ቅርጫት ውስጥ ነበር፤ ከላዩ ቁራጭ ወረቀት፣
«ይቅርታ» የምትል አንዲት ቃል በቋንቋቸው፣
ነጥቧም ቀለበቷም የቀረባት።
ብዕሬን አወጣሁ፤
ትንሽ ቆሜ፣
መልሼ ከተትሁ።